ምስክር እንጂ ዘበኛ ያልሆነው አንቲቦዲ፦ ካላዛር በደቡብ ጎንደር ያስተማረው

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከጉና ተራራ ትከሻ ጀምሮ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆዎች የሚያዘቀዝቀው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ምድር ብዙ ሕዝብ የሰፈረበትና አፈሩ በዘመናት እርሻ የሳሳ ነው። የቤተሰብ ማሳ ከአባት ወደ ልጅ በተላለፈ ቁጥር እየተከፈለ አንሷል። የጋይንትና የስማዳ ወረዳዎች በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ውስጥ የታቀፉትም ማሳው የዓመት ቀለቡን የማይሸፍንለት አርሶ አደር ስለበዛባቸው ነው። ከዚህም የተነሣ በአረምና በአጨዳ ወራት ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሰሊጥ እርሻዎች ወርዶ የቀን ሥራ መሥራት ለብዙ ወጣት የቆየ ልማድ ሆኗል።

ከቆላ የሚመለሰው ሠራተኛ ለግብርና ለልብስ የሚሆን ገንዘብ ይዞ ይመለሳል፤ አንዳንዱ ግን ትኩሳትም ይዞ ይመለሳል። ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ሲያልፈው፣ ሰውነቱ ሲመነምንና የግራ ጎኑ በጣፊያ እብጠት ሲወጠር፣ የጤና ባለሙያው በቅድሚያ የሚያስበው ወባን፣ ቀጥሎም ታይፎይድን ነው። ሊታሰብ የሚገባው ሦስተኛው ስም ካላዛር ነው። ይህ በሽታ ካልታከመ ከመቶ ታማሚዎች ከዘጠና አምስት በላይ የሚሆኑትን ይገድላል።

የካላዛር ታሪክ ከአንቲቦዲ ምርምር ታሪክ ጋር የሚገናኝበት አንድ አስገራሚ ነጥብ አለ። የካላዛር ሕመምተኛ ደም በአንቲቦዲ የተሞላ ነው፤ ብዛቱም ከጤነኛ ሰው ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሕመምተኛው እየከሳ ይሄዳል፣ ካልታከመም ይሞታል። በሽታን ይከላከላል የሚባለው ንጥረ ነገር እንዲህ ተትረፍርፎ ሳለ ሰው እንዴት ይሞታል? የዚህ ጥያቄ መልስ በአንድ በኩል የሳይንስ ታሪክ ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ በጤና ጣቢያ የሚሠራ ባለሙያ የአንዲትን የምርመራ ወረቀት ውጤት እንዴት ማንበብ እንዳለበት የሚወስን ጉዳይ ነው።

ከዶሮ ከረጢት እስከ ሰው መቅኔ

በደም ውስጥ በሽታን የሚቋቋም ነገር እንዳለ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። ኤሚል ፎን ቤሪንግና ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ በበርሊን ባደረጉት ሙከራ፣ አስቀድሞ ከመንጋጋ ቆልፍ መርዝ ጋር የተላመደ እንስሳ የደም ውኃ ለሌላ እንስሳ ሲሰጥ ሁለተኛውን ከመርዙ እንደሚያድነው አሳዩ። ይህ ነገር ከየትኛው የደም ክፍል እንደሚገኝ ለማወቅ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1939 አርኔ ቲሴሊየስና ኤልቪን ካባት የደም ውኃ ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ ኃይል ለይተው፣ አንቲቦዲ ጋማ ግሎቡሊን በሚባለው ክፍል ውስጥ እንደሚገኝ አረጋገጡ።

ቀጣዩ ጥያቄ አንቲቦዲን የሚሠራው የትኛው ሕዋስ ነው የሚል ነበር። መልሱ የመጣው ካልተጠበቀ ቦታ ነው። በዶሮ የኋላ መውጫ አጠገብ የፋብሪሺየስ ከረጢት የምትባል ትንሽ አካል አለች። እ.ኤ.አ. በ1956 ብሩስ ግሊክና ባልደረቦቹ ይህች ከረጢት በጫጩትነታቸው የወጣችባቸው ዶሮዎች አንቲቦዲ መሥራት እንደሚሳናቸው ጻፉ። ጽሑፉ የታተመው ስለ ዶሮ እርባታ በሚታተም መጽሔት ላይ ስለነበር ሐኪሞች ወዲያው አላስተዋሉትም። እ.ኤ.አ. በ1965 ማክስ ኩፐር ከሮበርት ጉድ ጋር በሚኒሶታ ባካሄደው ጥናት ሥራው ለሁለት የተከፈለ መሆኑን አሳየ፤ አንዱ ወገን አንቲቦዲ ይሠራል፣ ሌላው ወገን ራሱ ሕዋሱ እየሄደ ይዋጋል። የመጀመሪያዎቹ ከከረጢቷ ስም የመጀመሪያ ፊደል ተወስዶ ቢ ሕዋሳት ተባሉ፤ ሁለተኛዎቹ ታይመስ ከሚባለው እጢ ስም ተወስዶ ቲ ሕዋሳት ተባሉ። በሰው ዘንድ ያች ከረጢት የለችም፤ ቢ ሕዋሳት የሚወለዱት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው።

እያንዳንዱ ቢ ሕዋስ የሚይዘው የአንቲቦዲ ዓይነት አንድ ብቻ ነው። ፍራንክ ማክፋርሌን በርኔት እ.ኤ.አ. በ1957 ባቀረበው ሐሳብ መሠረት፣ ባዕድ አካል ሲገባ ከእርሱ ጋር የሚገጥመውን ሕዋስ መርጦ ያነቃዋል፤ የተመረጠው ሕዋስ ተባዝቶ ፕላዝማ ሕዋስ ይሆንና አንቲቦዲውን ያፈልቃል። ሱሱሙ ቶኔጋዋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ሥራ፣ ጥቂት የዘረመል ቁርጥራጮች በየቢ ሕዋሱ በተለያየ መንገድ እየተቆረጡና እየተገጣጠሙ ቁጥር ስፍር የሌለው የአንቲቦዲ ዓይነት እንደሚሠሩ አሳየ፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1987 የኖቤል ሽልማት አገኘ። በአንድ ሰው አካል ውስጥ ያለው የእነዚህ ዓይነቶች ጠቅላላ ድምር የአንቲቦዲ ስብጥር ይባላል። ከ2009 ወዲህ የዘረመል ንባብ መሣሪያዎች ስለፈጠኑ፣ ከአንድ ሰው ደም በሚሊዮን የሚቆጠሩ የአንቲቦዲ ቅደም ተከተሎችን ማንበብና ስብጥሩን መመርመር ተችሏል።

ከዚህ ታሪክ አንድ ተስፋ ተወለደ፤ ስብጥሩ ሰፊ፣ መጠኑም ብዙ ከሆነ ጥበቃው አስተማማኝ ነው የሚል ተስፋ። ለመንጋጋ ቆልፍ፣ ለኩፍኝና ለፖሊዮ ይህ በአብዛኛው እውነት ነው፤ ክትባቶቹም የቆሙት በዚሁ ላይ ነው። ካላዛር ግን ይህን አልተቀበለም።

እንደ እንቁላል የሚረጋ ደም

ዊሊያም ሊሽማንና ቻርልስ ዶኖቫን እ.ኤ.አ. በ1903 ለየብቻቸው ስለ ካላዛር አምጪ ጥገኛ ተሕዋሲ ጻፉ፤ ተሕዋሲውም በሁለቱ ስም ሊሽማኒያ ዶኖቫኒ ተባለ። የሚያስተላልፈው ሴቷ የአሸዋ ዝንብ ናት። ተሕዋሲው በሰው አካል ውስጥ የሚኖረው ማክሮፌጅ በሚባሉት ባዕድን ሊውጡ በተፈጠሩ ሕዋሳት ውስጥ ነው፤ ጣፊያው፣ ጉበቱና መቅኔው የሚታመሙትም ስለዚህ ነው።

በ1920ዎቹ በሕንድ የተሠራበት አንድ ቀላል ምርመራ የበሽታውን ጠባይ በዓይን አሳየ። ከሕመምተኛው የደም ውኃ አንድ ሚሊ ሊትር ያህል ተወስዶ ጥቂት ጠብታ ፎርማሊን ሲጨመርበት፣ እንደተቀቀለ የእንቁላል ነጭ ይረጋና ይነጣል። የሚያረጋው የጋማ ግሎቡሊን ብዛት ነው። ምርመራው ለብዙ ዓመታት አገልግሏል፤ ድክመቱም በዚያው ልክ ግልጽ ነበር። ሕመሙ ወራት ካላስቆጠረ ደሙ አይረጋም፤ ግሎቡሊን የሚያበዛ ሌላ በሽታም ሊያረጋው ይችላል።

ይህ ሁሉ ግሎቡሊን ከየት መጣ? በካላዛር ጊዜ የሚነቁት ከተሕዋሲው ጋር የሚገጥሙት ቢ ሕዋሳት ብቻ አይደሉም፤ ምንም የማያገናኛቸው ሌሎች ብዙ ቢ ሕዋሳትም አብረው ይቀሰቀሳሉ። በበርኔት ሐሳብ ምርጫው ጠባብና የታለመ ሲሆን፣ በካላዛር ግን ክተት ተብሎ የሚዘምተው አገሩ በሙሉ ነው። ከሚፈልቀው አንቲቦዲ ብዙው ተሕዋሲውን አያውቀውም፤ ከፊሉም የሕመምተኛውን የራሱን አካል የሚነካ ሆኖ ይገኛል። ተሕዋሲውን የሚያውቀው አንቲቦዲ ቢኖርም፣ ጠላቱ በማክሮፌጅ ውስጥ ስለተደበቀ ሊደርስበት አይችልም።

ምርምሩ ከዚህም አልፎ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት፣ ቢ ሕዋስ የሌላቸው አይጦች ሊሽማኒያ ዶኖቫኒን ቢ ሕዋስ ካላቸው አይጦች በተሻለ ተቋቁመውት ተገኙ። ሌሎች የአይጥ ጥናቶችም አንቲቦዲ ከተሕዋሲው ጋር ተጣብቆ ወደ ማክሮፌጅ ሲገባ፣ ማክሮፌጁ ኢንተርሉኪን 10 የተባለውን መልእክተኛ እንዲያመነጭና የመግደል ኃይሉ እንዲቀዘቅዝ ሊያደርግ እንደሚችል አመለከቱ። ጠባቂ ነው የተባለው አልፎ አልፎ ለጠላት በር ከፋች ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ለኢትዮጵያ የሕክምና ታሪክ ይህ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአርመር ሐንሰን የምርምር ተቋም ሥራውን የጀመረው በሥጋ ደዌ ላይ ነው። በሥጋ ደዌም ባክቴሪያው በአካሉ ሁሉ በተሠራጨበት ሕመምተኛ ደም ውስጥ አንቲቦዲው ብዙ ነው፤ የጎደለው በባክቴሪያው ላይ የሚነሣው የቲ ሕዋሳት ምላሽ ነው። ሁለቱም በሽታዎች የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፤ በሕዋስ ውስጥ የሚደበቅን ጠላት የሚያሸንፉት ቲ ሕዋሳትና እነርሱ የሚያበረቷቸው ማክሮፌጆች ናቸው።

ካላዛር ወደ ደጋ ሲወጣ

በኢትዮጵያ ካላዛር የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1942 በታችኛው ኦሞ ነው። በሰሜን ምዕራብ በኩል ስሙ የገነነው የሁመራና የመተማ ሰፋፊ እርሻዎች ብዙ የቀን ሠራተኛ መሳብ ከጀመሩ በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ ጽሑፍም በእነዚህ ቦታዎች የሚሠሩ ፈላሾችን በሽታ አድርጎ ገልጾታል። ለረጅም ጊዜ የደጋ ሐኪም ካላዛርን የሚያውቀው የቆላ በሽታ፣ ከቆላም በመጣ ሰው ላይ ብቻ የሚታይ አድርጎ ነበር።

ይህ እምነት በደቡብ ጎንደር ፈረሰ። ከጋይንትና ከእስቴ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ከፎገራ ሜዳ በላይ፣ ከባሕር ወለል ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በሊቦ ከምከም ወረዳ ሰዎች በረጅም ትኩሳትና በጣፊያ እብጠት ይታመሙና ይሞቱ ጀመር። ወባ የሚታወቅበት አካባቢ ስለሆነ፣ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ተገመተ። ካላዛር መሆኑ የታወቀው በግንቦት 1997 ዓ.ም. ነው፤ ቀደም ሲል በዚያ ወረዳ የተመዘገበው ሕመምተኛ እጅግ ጥቂት ነበር።

ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በአካባቢው ብቸኛውን የካላዛር ማከሚያ ከፈተ። ከግንቦት 17 ቀን 1997 እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 2000 ዓ.ም. የታከሙት ሕመምተኞች መዝገብ ተተንትኖ ሲታይ፣ የሕመምተኞቹ መካከለኛ (ሚዲያን) ዕድሜ 18 ዓመት፣ ከመቶ 77.6 የሚሆኑትም ወንዶች ነበሩ። ወረርሽኙ እ.ኤ.አ. በ2005 የመጨረሻዎቹ አራት ወራት ከጣሪያ ደረሰ፤ በሁለት ወረዳዎች ተዛመተ፤ በ2007 ደግሞ ነዋሪ በሽታ ሆነ። ከታከሙት ውስጥ የሞቱት ከመቶ 3.6 ብቻ ናቸው። ዕድሜያቸው 45 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑት ግን ከ5 እስከ 29 ዓመት ካሉት አምስት እጥፍ የመሞት ዕድል ነበራቸው፤ ኤች አይ ቪ፣ ከባድ የምግብ እጥረት፣ የሳንባ ነቀርሳና የሳንባ ምችም ሞትን አባብሰዋል። ካልታከሙት ከመቶ ዘጠና አምስቱ በሚሞቱበት በሽታ፣ ከታከሙት ከመቶ አራት የማይሞሉት መሞታቸው መዘግየት ምን ያህል ነፍስ እንደሚያስከፍል ያሳያል።

በሽታው ወደ ደጋው እንዴት ወጣ የሚለውን ያጠኑ ባለሙያዎች፣ ወደ ሁመራና ወደ መተማ የሚመላለሱት ሠራተኞች ተሕዋሲውን ሳያመጡት እንዳልቀረ ገምተዋል። የአሸዋ ዝንቧ በአካባቢው ነበረች፤ ስንጥቃቱ የሚበዛ ዋልካ አፈርና የግራር ዛፍ ይስማማታል። በኋላ የተደረገ ጥናትም ሌሊት ከቤት ውጭ፣ በተለይ ከግራር ሥር መተኛት ለበሽታው እንደሚያጋልጥ አሳየ። እንግዲህ ለአጨዳ ወርዶ ከግራር ሥር ያደረ ሠራተኛ የሚያመጣው በሽታ በራሱ ላይ ብቻ የሚያበቃ ላይሆን ይችላል፤ ዝንቧ ባለችበት ቀዬ ለጎረቤቱም ሊተርፍ ይችላል።

ምስክሩን መጠየቅ

አንቲቦዲ ካላዛርን ባይከላከልም መኖሩን ይመሰክራል። ሐኪሞች የዘበኝነት ሥራውን ያልፈጸመውን አንቲቦዲ ለምስክርነት መጥራት ከጀመሩ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 ሱዳናዊው አብደላ ኤል ሐሪዝና ባልደረቦቹ በቀጥታ የማጣበቅ ምርመራን ለካላዛር አሻሽለው አቀረቡ፤ በኢትዮጵያም ፕሮፌሰር አሥራት ኃይሉ በዚህ ምርመራ ላይ ብዙ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ አርኬ 39 የሚባል፣ በተሕዋሲው ፕሮቲን ውስጥ የሚደጋገም ቁራጭ ተገኘ፤ በዚህም ላይ ተመሥርቶ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚሰጥ ፈጣን ወረቀት ተሠራ። ማይክሮስኮፕም መብራትም በሌለበት ጤና ጣቢያ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው።

ይሁን እንጂ ምስክሩ በሁሉም አገር እኩል አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ዓለም አቀፍ ንጽጽር፣ በሽያጭ ላይ ያሉት ፈጣን ምርመራዎች በሕንድ ክፍለ አህጉር ከመቶ ሕመምተኞች ከ92 በላይ የሚሆኑትን ሲለዩ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ግን እንደ ምርቱ ዓይነት ከመቶ ከ37 ገደማ እስከ 87 ገደማ ብቻ እንደሚለዩ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ከምክንያቶቹ አንዱን ጠቆመ፤ የሱዳን ሕመምተኞች በተሕዋሲው ላይ የሚሠሩት አንቲቦዲ ከሕንድ ሕመምተኞች በእጅጉ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በሁለቱ አገሮች ያሉት ተሕዋስያን ፕሮቲንም አንድ ወጥ አይደለም። ለሕንድ የተመሰከረለትን ወረቀት ለመተማና ለጎንደር እንደዚያው መቀበል ስሕተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ኤች አይ ቪ ደግሞ ነገሩን የባሰ ያወሳስበዋል። ቫይረሱ ቲ ሕዋሳትን ስለሚያጠፋ ቢ ሕዋሳትም ረዳታቸውን ያጣሉ፤ የአንቲቦዲ ምርመራው በሽታው እያለ የለም ሊል ይችላል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ካላዛርና ኤች አይ ቪ በአንድ ሰው ላይ የሚገናኙበት መጠን በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ስለሆነ፣ ይህ ተራ ጉዳይ አይደለም።

ሌላው አስቸጋሪ ነገር የምስክሩ ዕድሜ ነው። ሕመምተኛው ከዳነ በኋላም አንቲቦዲው ለዓመታት በደሙ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ቀድሞ የታከመ ሰው እንደገና ትኩሳት ሲይዘው ወረቀቱ አዎንታ ቢያሳይ፣ ያ ምስክርነት ያለፈውን ይሁን የአሁኑን አይለይም። በጎንደር የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት መዳንን የሚያሳየው ሌላ ነገር መሆኑን አመለከተ፤ ሕክምናው ሲሳካ የሚመለሰው የሕመምተኛው ደም ለተሕዋሲው ኢንተርፌሮን ጋማ የማመንጨት ችሎታ ነው። ይህ የቲ ሕዋሳት ሥራ ነው።

ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ ሲመለሱ

ይህ ሁሉ ታሪክ በነፋስ መውጫ፣ በዓርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ለሚሠራ ባለሙያ የሚተወው ትምህርት ጥቂትና ግልጽ ነው። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳትና ያበጠ ጣፊያ ያለበት፣ ወደ መተማ ወይም ወደ ሁመራ ወርዶ የነበረ ሰው፣ የወባ ምርመራው ነጻ ከሆነ ወይም በወባ መድኃኒት ካልተሻለው ካላዛር ሊጠረጠርበት ይገባል። ጉዞውን ሳይጠይቁ በሽታውን ማግኘት ያስቸግራል፤ ሊቦ ከምከምም ጉዞ ብቻውን እንደማይበቃ አስተምራለች፤ ከቀዬው ያልወጣም ሊታመም ይችላል።

ፈጣኑ ምርመራ አዎንታ ካሳየ፣ ቀድሞ ላልታከመና ምልክቱ ላለበት ሰው ሕክምና ለመጀመር ይበቃል። አሉታ ካሳየ ግን ጥርጣሬውን አይሽርም፤ ሕመምተኛው የማጣበቅ ምርመራ ወይም የመቅኔ ወይም የጣፊያ ናሙና ወደሚሠራበት ሆስፒታል መላክ አለበት። ቀድሞ ለታከመ ሰው አንቲቦዲን መጠየቅ ትርጉም የለውም፤ መፈለግ ያለበት ራሱ ተሕዋሲው ነው። የኤች አይ ቪ ምርመራም ለሁሉም ይደረጋል። ሕክምናው ዛሬ ከቀድሞው አጥሯል፤ ሠላሳ ቀን ይወስድ የነበረውን የአንቲሞኒ መርፌ ጎንደርና አርባ ምንጭ በተሳተፉበት ጥናት ላይ ተመሥርቶ የአሥራ ሰባት ቀን የአንቲሞኒና የፓሮሞማይሲን ጥምር ተክቶታል፤ ለኤች አይ ቪ ሕሙማን፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአዛውንቶች ደግሞ አምቢዞም የተባለው መድኃኒት ይመረጣል።

ከቤሪንግ ዘመን ጀምሮ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሳይንስ አንቲቦዲን ሲያከብር ኖሯል፤ ክብሩም የሚገባው ነው። ካላዛር ያስተማረው ግን አንቲቦዲ መኖሩና አንቲቦዲ መጥቀሙ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። በሊቦ ከምከም ደማቸው በአንቲቦዲ ተሞልቶ ሳለ የሞቱት ሰዎች በሽታ ወባ ነው ተብሎ ነበር። ነገ ከሰሊጥ እርሻ ወደ ስማዳ ለሚመለሰው ወጣትም የሚያስፈልገው ወረቀቱ ዝም ቢል እንኳ ጣፊያውን ዳስሶ መንገዱን የሚጠይቅ ባለሙያ ነው።